ትንሿ ቤት እንዴት ትሠራለች?

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ስነሳ አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ «የምትማሪው ጋዜጠኝነት ነው ወይስ አናጢነት?» ብለው ስቀውብኛል። እውነታቸውን ነው። ላለፉት አራት ወራት ከትምህርት ውጭ ያለውን ጊዜዬን ያሳለፍኩት ፎም ስቆርጥ፣ አሸዋ ስነፋ፣ ጣቴ ላይ የደረቀ ኮላ ስልጥ ነው። ውጤቱም ከመዳፍ ብዙም የማይበልጡ አምስት ቤቶች ናቸው። ውድ አንባቢያን፣ ስለነዚህ ቤቶች አሠራር የምጽፍላችሁ ሙያውን ጨርሼ ስለማውቀው አይደለም። ብዙ ጊዜ ስለተሳሳትኩበት ነው።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ የሚኖረው እንግሊዝ አገር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር እየተገናኘ ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ትንንሽ ወታደሮች ደርድሮ ይዋጋል። ቀልዴን አይደለም፤ አብዛኞቹ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ናቸው። በማስመሪያ እየለኩ ወታደር ያንቀሳቅሳሉ፣ ዳይስ ይጥላሉ፣ ማን እንደሞተ ማን እንደሸሸ በሕግ ይወስናሉ። ዘንድሮ የአድዋን ጦርነት ሊጫወቱ ተነጋገሩ። ጋሼም ደወለና «ወታደሮቹን እኛ እንቀባለን፤ ቤቶቹን ግን የአገሩ ሰው ቢሠራቸው ነው የሚያምረው። አምስት ቤት ሥሪልኝ፤ አንዷን ደግሞ ተቃጥላ የፈረሰች አድርጊያት» አለኝ። የአገሩ ሰው እንግዲህ እኔ መሆኔ ነው! አዲስ አበባ ተወልጄ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያደግኩ ልጅ ነኝ። አድዋን ያየሁት በሥዕል ነው፤ ባየኋቸው ሥዕሎች ላይ ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ፣ ንጉሡና ንግሥቲቱ አሉ፣ ጠላት በአንድ ዓይኑ እያየ ይተኩሳል። የሰው ቤት ግን አይቼ አላውቅም።

ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበል። መነሻው የልጆች መጫወቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1812 ጌኦርግ ሌኦፖልድ ፎን ራይስቪትዝ የተባለ ፕረሺያዊ፣ መሬቱን በሚነሱና በሚገጣጠሙ ቁራጮች የሚያሳይ ጠረጴዛ አሠርቶ ለንጉሡ ለፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሣልሳዊ አቀረበ። ልጁ፣ እሱም መኮንን ነበር፣ በ1824 ሕጎቹን አሻሽሎ አሳተመና የፕረሺያ መኮንኖች ይሠለጥኑበት ጀመር። ጨዋታውን ወደ ሳሎን ያስገባው ግን ስለ ማርስ ሰዎች ወረራ በጻፈው ልብ ወለድ የምናውቀው እንግሊዛዊ ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ ነው ማለት ይቻላል። በ1913 «ሊትል ዎርስ» የምትል መጽሐፍ አወጣ፤ በዓመቱ ትልቁ ጦርነት ፈነዳ። ዌልስ መጀመሪያ አካባቢ ኮረብታና ቤት የሚያደርገው የኢንሳይክሎፔዲያ ቅጾችን ነበር። በኋላ ስለ ቤቶች አንድ ሕግ አወጣ፦ ቤቶቹ ድፍን ይሁኑ፣ ውስጣቸው ባዶ አይሁን። ባዶ ከሆኑ ተጫዋቾች ወታደር ይከቱባቸዋል፣ ከዚያ ማን የት እንዳለ የማያልቅ ጭቅጭቅ ይነሳል። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል፤ ብዙ ተጫዋቾች የሚወዱት ጣራው እንደ መሶብ ክዳን የሚነሳ ቤት ነው። ጋሼም ያዘዘኝ እንደዚያ ነው። ይህቺን የድፍን ቤት ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ሥራው። ከሁሉ በፊት ልኬት ነው። የጋሼ ወታደሮች «28 ሚሊ ሜትር» ይባላሉ። ከእግር ጫማ እስከ ዓይን ያለው ቁመታቸው ማለት ነው፤ ወደ መጠን ሲለወጥ በግምት 1 ለ56 ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሜትር ወደ 18 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። አንድ ሜትር ከሰማንያ የሆነ በር ደግሞ 32 ሚሊ ሜትር ነው። እኔ እዚህ ላይ ተሳሳትኩ። ወታደሩ የተለጠፈው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ባላት መቆሚያ ላይ ስለሆነ፣ በሩን በልኩ ከሠራችሁት ሰውየው ጉበኑን በግንባሩ ይመታዋል። በሩ 35 ወይም 36 ቢሆን ይሻላል። የመሬቱ ልኬት ግን ሌላ ነው። 10 ኪሎ ሜትር የጦር ሜዳ በ1 ለ56 ቢሠራ ጠረጴዛው 178 ሜትር ሊረዝም ነው፤ የጋሼ ጠረጴዛ አንድ ሜትር ከሰማንያ ናት። ስለዚህ ተጫዋቾቹ መሬቱን አብዝተው ያሳንሱታል፣ አንዲት ቤትም ለአንድ መንደር ትቆማለች። አንዲት ቤት ተሳሳተች ማለት መንደሩ በሙሉ ተሳሳተ ማለት ነው።

ለግድግዳ አውሮፓ ያሉት ጠጠር ያለ ለስላሳ ፎም በጣውላ መልክ ይገዛሉ። እኔ የተጠቀምኩት የቴሌቪዥንና የፍሪጅ ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም ነው፤ ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች ደጃፍ በነፃ ለቀምኩ። ችግሩ ሲቆረጥ ፍሬ ፍሬ እየሆነ ይረግፋል። መፍትሔው ሁል ጊዜ አዲስ ምላጭ መጠቀምና በአንድ ጊዜ አለመጫን ነው፤ ቀለል አድርጋችሁ አምስት ስድስት ጊዜ በዚያው መስመር ሳቡት። ማዕዘኖቹን በኮላ አጣብቄ በስቴኪኒ እንደ ሚስማር ወጋኋቸው። ከዚያ ጋዜጣ በትንንሹ ቀዶ፣ በውሃ በቀጠነ ኮላ እየነከሩ መላውን ማልበስ ነው። (ለጋዜጣ ጥቅም አዲስ ማስረጃ!) ማስቲሽ በፍጹም እንዳትነኩ፤ ፎም ይበላል። የሚረጭ ቀለምም እንደዚያው። ይህን የማውቀው የመጀመሪያዋን ቤቴን ማታ ጥቁር ስፕሬይ ረጭቼባት ጠዋት ስነሳ ግድግዳዋ እንደ ቅቤ ቀልጦ ስላገኘሁት ነው። እናቴ «እሷን የተቃጠለችዋ አድርጊያታ» ብላ ሳቀች።

ዋናው ሙያ ያለው ግን ገጽታው ላይ ነው፤ ሸካራነቱ። ዓይናችን የአንድን ነገር ትልቅነት የሚገምተው በሸካራነቱ ጭምር ነው። ልሙጥ ግድግዳ ምንም ያህል በጥሩ ቀለም ቢቀባ ካርቶን ነው የሚመስለው። ሸካራነቱ ሲበዛ ደግሞ ሌላ ጉድ ይመጣል። 2 ሚሊ ሜትር የሆነች የአሸዋ ፍሬ በ56 ስትባዛ 11 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ናት፤ በጭቃ የተመረገ ቤት ላይ ብትለጥፏት ግድግዳው ኩፍኝ የያዘው ይመስላል። አሸዋው በሻይ ማጥለያ መነፋት አለበት። የቆርቆሮ ጣራ መሥራት ለሚፈልግም እንደዚሁ። የካርቶንን የላይ ወረቀት ልጦ ሞገዱን እንደ ቆርቆሮ መጠቀም በጣም የሚያጓጓ ነገር ነው። ነገር ግን የተራ ካርቶን አንድ ሞገድ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲባዛ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር፤ እንዲህ ያለ ቆርቆሮ የት አለ? የአሉሚኒየም ፎይል ጥርሱ በደቀቀ ማበጠሪያ ላይ አድርጎ በጥፍር መጫን የተሻለ ነው። ለ1888ቱ መንደር ቆርቆሮ እንደማያስፈልገኝ ያስታወስኩት አንዱን ጣራ ከጨረስኩ በኋላ ነው፤ ይህንንም ጻፉልኝ።

ለጭቃ ምርጊት፦ የተነፋ አሸዋ፣ ኮላ፣ ትንሽ የግድግዳ ቀለም አቡክታችሁ በአውራ ጣት ለቅልቁ። ብሩሽ አትጠቀሙ። እውነተኛው ቤት የሚመረገው በእጅ ነው፣ የእጅ ዱካ ይኖረዋል። ሲደርቅ በጣም ጥቁር በሆነ ቡናማ ሙሉ በሙሉ ቀቡት። ከዚያ ነው «ደረቅ ብሩሽ» የሚባለው የሚመጣው። ብሩሹን ነጣ ያለ ቀለም ታስነኩትና ወረቀት ላይ ትጠርጉታላችሁ፤ ምንም የቀረበት እስከማይመስል። ከዚያ ግድግዳውን ዳበስ ዳበስ ማድረግ ነው። ወጣ ወጣ ያለው ቦታ ብቻ ቀለሙን ይይዛል፣ ጎድጓዳው ጨለማ ሆኖ ይቀራል፤ በአንድ ጊዜ ፀሐይ የወጣ ይመስላል። ሦስት ጊዜ፣ እያነጣችሁ፣ እየቀነሳችሁ። መጨረሻ ላይ እንደ ቀጭን ሻይ የሆነ ቡናማ ውሃ ስንጥቁ ውስጥ አፍስሱ። ከዚህ በኋላ ያለው ትምህርት መንገድ ላይ ነው። ዝናብ የግድግዳን እግር ምን ያህል ከፍታ ድረስ በጭቃ ይረጨዋል? ጭስ የሚያጠቁረው ከበሩ በላይ ነው ወይስ ጎን? ከታክሲ ወርጄ የሰው አጥር ላይ አፍጥጬ ስቆም ዘበኛ ሁለት ጊዜ አባሮኛል።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ አራት ቤቶች ጨረስኩ። ክብ ናቸው፣ ጣራቸው ሳር። ሳሩን የሠራሁት ከቃጫ ገመድ ነው፤ ፈትቼ፣ በማበጠሪያ አበጥሬ፣ በትንንሽ እስር ቆርጬ፣ ከታች ወደ ላይ እየደረብኩ። (ከላይ ከጀመራችሁ ዝናቡ ሊገባ ነው!) ፎቶ አንስቼ ስልክለት ጋሼ በደስታ ሊሞት። እኔም ኮራሁ።

ታዲያ አንድ እሑድ ፊት ለፊታችን ያሉት ጎረቤታችን ቡና ሊጠጡ መጡ። ስምንት ዓመት በር ለበር ኖረናል፤ እማማ ነው የምላቸው። ቤቶቹ ለመድረቅ ቢፌው ላይ ተደርድረዋል። አንዷን አንስተው አገላብጠው አዩና፣

«እንዴት ታምራለች! ይሄ የት አገር ነው?» አሉኝ።

«አድዋ ነው እማማ።»

ዝም አሉ። ቤቷን ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡ። «ልጄ፣ እኔ የአድዋ ገጠር ልጅ ነኝ። ሳር ቤት የለም አልልሽም። የኛ ሰፈር ቤት ግን እንዲህ አይደለም።»

ከዚያ በረከቦቱ ጠርዝ ላይ በጣታቸው እየሣሉ ስለ ህድሞ ነገሩኝ። ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ በጭቃ የተያያዘ። ውፍረቱ አንድ ክንድ ከስንዝር። ጣራው ሾጣጣ አይደለም፤ ጠፍጣፋ ነው፣ በወፋፍራም እንጨት ላይ የተደለደለ አፈር። ክረምት ላይ ጣራው ላይ ሣር ይበቅላል። እኔ ለካ የሠራሁት ከቀን መቁጠሪያ ላይ ያየሁትን ጎጆ ነው። ዜና አጻጻፍ ክፍል ውስጥ «ምንጭሽ ማነው?» ሲባል እጄን የማወጣ ልጅ፣ ምንጩ ፊት ለፊቴ እየኖረ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። እማማ የየት አገር ሰው እንደሆኑ ራሱ አላውቅም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጄኔራል ባራቲዬሪ ሠራዊቱን በሌሊት ሲያንቀሳቅስ ለአዛዦቹ የሰጠው ንድፍ ካርታ ነበር። ጄኔራል አልበርቶኔ ኪዳነ ምሕረት የተባለችውን ኮረብታ እንዲይዝ ታዘዘ። ካርታው ላይ ኪዳነ ምሕረት ተብላ የተጻፈችውና በእርግጥ እንዳ ኪዳነ ምሕረት የምትባለው ግን አንድ አልነበሩም፤ እውነተኛዋ ኪሎ ሜትሮች ወደፊት ናት። አልበርቶኔ ወደ እውነተኛዋ ሄደ፣ ከሌሎቹ ተነጥሎ ብቻውን የኢትዮጵያን ጦር ገጠመ፣ ብርጌዱ ተሰባበረ፣ እሱም ተማረከ። ለሽንፈታቸው ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው እያልኩ አይደለም፤ ጀግንነቱንም ቁጥሩንም አልረሳሁም። ነገር ግን ቤቶቼን አፍርሼ እንደገና ስጀምር ያቺ ካርታ ከአእምሮዬ አልወጣችም።

ህድሞ ከሳር ቤት ይከብዳል። ፎሙን 12 ሚሊ ሜትር አደረግሁት፤ በእማማ ክንድና ስንዝር ልክ ነው። ድንጋዩን ከእንቁላል ትሪ ሠራሁ። ትሪው ወረቀቱ በተፈጥሮው ሸካራ ነው፤ ትንንሽ እየቀደዳችሁ፣ ጠርዙን እያደበደባችሁ አንድ በአንድ ትደረድራላችሁ። ለአንዲት ቤት ከ400 በላይ ለጥፌአለሁ። በመካከሉ የነበረው ጭቃ ያው አሸዋና ኮላ። ማዕዘን ላይ ትልልቁን ድንጋይ አድርጉ፣ ግንበኛም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ጣራው ላይ የእንጨቶቹ ጫፍ ከግድግዳው ትንሽ ወጣ እንዲል ቀጫጭን የደረቁ ቅርንጫፎች ተጠቀምኩ፤ ከላይ የተነፋ የግቢያችን አፈር። ለበቀለው ሣር ደግሞ የተጠጣ ሻይ ቅጠል ደርቆ አረንጓዴ ተቀብቶ። እማማ በየሁለት ቀኑ እየመጡ «ጣራው ትንሽ ወደዚህ ያዘንብል እንጂ፤ ውሃው በየት ይወርዳል?» ይሉ ነበር።

አምስተኛዋ ቀረች፤ የተቃጠለችዋ። እውነቱን ልናገርና ስሠራ በጣም የተደሰትኩት በእሷ ነው። ፍርስራሽ የሞዴል ሠሪ ሰርግ ነው። ግድግዳውን አትቆርጡትም፣ በእጅ ትሰብሩታላችሁ። እንጨቶቹን በሻማ ትለበልባላችሁ። ከመስኮትና ከበር በላይ የእሳቱን ምላስ በጥቁር ቀለም፣ ዙሪያውን በግራጫ፣ አመዱን ከእውነተኛ ከሰል ፈጭቶ። ጣራዋን ክፍት አድርጌ፣ ጥቂት የተንጠለጠሉ እንጨቶች ትቼ፣ ውስጧን ሁሉ ጥቁር አደረግኋት። ከሠራኋቸው ሁሉ በጣም የምታምር እሷ ነበረች።

እማማ ሲያዩዋት አልተቆጡም። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩዋት። ከዚያ «እንዲህ አይሆንም» አሉ።

«ምኑ ነው እማማ?»

«ጣራው አፈር ነው አላልኩሽም? እንጨቱ ሲነድ አፈሩ የት ይሄዳል? ወደ ውስጥ ነው የሚወርደው። ቤቱ ባዶ አይሆንም ልጄ። በአፈር ይሞላል። ምጣዱም፣ ጎታውም፣ አልጋውም ከአፈሩ ሥር ነው።»

እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኋቸው፤ ባልጠይቅ ይሻል ነበር ወይስ ቀደም ብዬ ልጠይቅ ይገባ ነበር፣ እስካሁን አላውቅም። የእናታቸው ቤት ነው። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ስልክ ተቋረጠ። ቤቱ መቃጠሉን የሰሙት ከዓመት በኋላ ነው፤ እናታቸው በሕይወት መኖራቸውን ለማወቅም ያን ያህል ፈጅቶባቸዋል። በ2015 ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ መንገድ ሲከፈት እናታቸውን ሊያመጡ ሄደው በዓይናቸው አዩት። ያን ጊዜ ሁሉ እኔና እማማ ደረጃ ላይ በየቀኑ ሰላም እንባባል ነበር።

የዌልስን ሕግ ያኔ አስታወስኩ። ድፍን ቤት። ውስጡ ማንም የለም፣ ሊኖርም አይችልም፣ ስለዚህ ጨዋታው ይቀጥላል።

ለጋሼ ደውዬ የተቃጠለችዋን አልልክም አልኩት። አልተስማማም። አነጋገሩ ግን ሚዛን ነበረው፦ «ተይ እንጂ፤ ቤት የማይቃጠልበት ጦርነት ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥን እሱም እኮ ውሸት ነው። ሰዎቹ ፍርስራሹን ሲያዩ ቢያንስ አንድ ነገር ያስባሉ» አለኝ። ለዚህ ጥሩ መልስ አላገኘሁም። ያገኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ነገርኩት። ጠረጴዛው የ1888 ነው። በዚያን ቀን ስለተቃጠለ ቤት የነገረኝ ሰው የለም። እኔ የማውቀው የተቃጠለ ቤት የ2013 ነው፣ የባለቤቱንም ልጅ አውቃታለሁ። ያንን አንስቼ እዚህ ባስቀምጠው ቀኑ የተሳሳተ ዜና ነው የሚሆነው። ጋሼ ትንሽ ዝም ብሎ «እሺ፣ አራቱን ላኪያቸው» አለ። በጫማ ካርቶን ተጠቅልለው ሄደዋል። ፍርስራሿ አልጋዬ ሥር ናት፤ አልጣልኳትም።

አሁን የምሠራው ስድስተኛ ቤት ነው። ያዘዘኝ የለም። የእማማ እናት በእኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት፤ ከሰማንያ በላይ ናቸው፣ አማርኛ ብዙም አይሰሙም። ባለፈው ሳምንት ግድግዳው እንዳለቀ፣ ጣራው ሳይከደን፣ ወስጄ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። በጣታቸው በሩን ዳበሱ፣ ወደ ውስጥ አጎንብሰው አዩ፣ ከዚያ ለልጃቸው በትግርኛ አንድ ነገር አሉ።

«የከብቶቹ ቦታ የታለ? ትላለች» አሉ እማማ።

ወደ ቤት ተመለስኩና ውስጡን አፍርሼ ለከብቶቹ ከለል አደረግሁበት። ማታ ጋሼ ሲደውል «28 ሚሊ ሜትር ላይ በሬ ይገኛል?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሞልቷል። ስንት ላምጣልሽ?» አለኝ። ስልኩን እንደያዝኩ የጎረቤታችንን በር አንኳኳሁ። አሮጊቷ ሁለት ጣታቸውን አነሱ፤ አንድ ጥማድ።